ስለ ጣሊያን ቀይ ወይን የጠየቃችሁኝ

የጣሊያንን ቀይ ወይን ጠጅ መልመድ ለምትፈልጉ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። አንዳንዱን በአጭሩ፣ አንዳንዱን ሰፋ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም ግራ ያጋባኛል። ባሮሎ፣ ኪያንቲ፣ ባርቤራ... የቱ ነው ቦታው፣ የቱ ነው ፍሬው?

ሁለቱም አለ። ባሮሎ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ የሚገኝ መንደር ነው። ወይኑ የሚሠራው ኔቢዮሎ ከሚባል ፍሬ ብቻ ነው። ኪያንቲ ደግሞ በቶስካና ያለ ኮረብታማ አካባቢ ሲሆን ዋናው ፍሬው ሳንጆቬዜ ነው። ባርቤራ ግን የፍሬው ስም ነው። «ባርቤራ ዳስቲ» ካለ ፍሬው ባርቤራ፣ አገሩ አስቲ ነው።

ሞንቴፑልቻኖ ላይ ብቻ ጠንቀቅ በሉ። «ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ» በቶስካና ካለች ከተማ የሚመጣ፣ በአብዛኛው ከሳንጆቬዜ የሚሠራ ነው። «ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ» ግን ሞንቴፑልቻኖ ከሚባል ሌላ ፍሬ በአብሩዞ ይሠራል። ሁለቱ አይገናኙም።

ጥያቄ፦ አክሱማይት ነው የለመድኩት። ባሮሎ በስጦታ አግኝቼ ከፈትኩት፤ አፌን ጭርር አድርጎ አደረቀው። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም ወዳጄ፣ ባሮሎ እንዲያ ነው። አፍ የሚያደርቀው ታኒን ነው፤ ከወይኑ ልጣጭና በውስጡ ካለው ዘር ይወጣል። ጠንካራ ሻይ ያለ ስኳር ስትጠጣ ምላስህ ላይ የሚሰማህ ያው እሱ ነው። ኔቢዮሎ መልኩ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ታኒኑ ግን ከባድ ነው። ለዚህም ነው ባሮሎ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ ሕጉ የሚያስገድደው፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል።

የቀረህ ካለ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ብቻውን ተጎንጭ። ከዚያ ስብ ያለው ሥጋ ወይም የቆየ ፓርሚጃኖ አይብ ጉረስና እንደገና ተጎንጭ። ድርቀቱ ሲለሰልስ፣ የጽጌረዳ የመሰለ ሽታው ሲወጣ ታገኘዋለህ። የጣሊያን ቀይ ወይን የተሠራው ለማዕድ ነው፤ ያለ ምግብ ቀምሶ መፍረድ ይበድለዋል ባይ ነኝ። አዲስ ጠርሙስ ስትከፍት ደግሞ ከመቅረቡ ሁለት ሰዓት አስቀድመህ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገልብጠው።

ጥያቄ፦ አማሮኔ የተባለው ወይን ዋጋው ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነ?

ድካሙ ነው። በቬሮና አጠገብ በቫልፖሊቼላ፣ ኮርቪና የተባለው ፍሬና ዘመዶቹ ከተለቀሙ በኋላ ወዲያው አይጨመቁም። ዘለላው ሳይደራረብ በሳጥን ላይ ተዘርግቶ ነፋስ በሚገባበት ሰገነት ሦስትና አራት ወር ይደርቃል። የሻገተው እየተለቀመ ይጣላል። በዚህ መሀል ፍሬው ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ውኃው ሄዶ ስኳሩ ይቀራል። ያ ሁሉ ስኳር ተብላልቶ ወደ አልኮል ሲለወጥ 15 እና 16 በመቶ የሚደርስ ወይን ይወጣል። ከብዙ ፍሬ ትንሽ ጠርሙስ ማለት ነው።

ስኳሩ ሳያልቅ መብላላቱ ከቆመ ሬቾቶ የተባለው ጣፋጭ ወይን ይሆናል። ጣፋጩን አክሱማይት የለመድከው ወዳጄ፣ ያንተ በር ይኼ ነው። ኪስ ለማይፈቅድ ሪፓሶ አለ፤ ተራው ቫልፖሊቼላ በአማሮኔው አተላ ላይ እንደገና እንዲብላላ ተደርጎ የሚሠራ ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከዶሮ ወጥ ጋር የትኛው ይሄዳል?

አማሮኔና ባሮሎ አይሁኑ። አልኮልና ታኒን የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል። ከኤሚሊያ የሚመጣውን፣ አረፋ ያለውን ቀይ ላምብሩስኮ ሞክሩት፤ ቀዝቀዝ ብሎ ይጠጣል። «አማቢሌ» የሚል ካለበት ጣፈጥ ስለሚል ለበርበሬ ይሻላል። ለጥብስ ግን ኪያንቲ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም ይባላል፤ እውነት ነው?

ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ያንቺ ቤት ከዚያ ይሞቃል እህቴ፤ ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቢው። የተረፈውንም ቡሹን መልሰሽ እዚያው አቆይው።

ጥያቄ፦ አንድ ጠርሙስ ብቻ ልግዛ ብል?

ኪያንቲ ክላሲኮ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ ያለበት። የቶስካናው መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ ዴ ሜዲቺ እ.ኤ.አ. በ1716 የኪያንቲን ወሰን በአዋጅ ከለሉ፤ የዛሬው ክላሲኮም መነሻው እዚያው ነው። ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ነው። «ሪዘርቫ» የሚለውን፣ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየውን፣ ለጊዜው ተወው፤ ተራውን ግዛ። ፓስታ በቲማቲም ስጎ ሥራና አብረህ ጠጣው፤ ሳንጆቬዜ ራሱ ኮምጠጥ ስለሚል የቲማቲሙ ኮምጣጣነት አያሸንፈውም። እሱን ከወደድክ ቀጥሎ ባርቤራን ሞክር፤ ታኒኑ ትንሽ ነው።