ከባዛሩ ማግስትስ? ስለ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ድጋፍ የጠየቃችሁኝ

ሐዋሳ ውስጥ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችን በሚደግፍ ማኅበር ዝግጅት ከሚያስተባብሩት አንዷ ነኝ። የእግር ጉዞና ባዛር ልናዘጋጅ መሆኑን የሰማችሁ ብዙ ነገር ጠይቃችሁኛል። የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለእግር ጉዞው የሚሸጠው የቲሸርት ብር የት ይገባል?
መልስ፦ ማሳተሚያው ይነሳና የቀረው በማኅበሩ ስም ወደተከፈተው የባንክ ሒሳብ ይገባል። አንድ ሰው ብቻውን ፈርሞ አያወጣም። በግለሰብ ስም አስገቡ የሚላችሁ ካለ፣ እኔም ብሆን፣ እንዳታስገቡ።

ጥያቄ፦ ለቢሮና ለደመወዝ ስንት ይሄዳል? ገደብ አለው?
መልስ፦ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን የምታጥብ ተንከባካቢ ግን በእኔ እምነት የአስተዳደር ወጪ አይደለችም። ሥራው ራሱ እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዝግጅት ያ ሁሉ ሰው ቃል ገብቶ እንዴት ብር አጠራችሁ?
መልስ፦ ይቺ ጥያቄ ልቤን ትነካዋለች። አዳራሽ ውስጥ ማይክ ሲዞር፣ ጭብጨባው ሲደምቅ ሰው እጁን ያወጣል። ውሸቱን አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ከልቡ ነው። ከሳምንት በኋላ ስንደውል ግን ስልክ አይነሳም፣ ወይም ወር ይድረስልኝ ይለናል። እኛ ደግሞ ቃሉን እንደ ብር ቆጥረን ዊልቸር አዘዝን። መክፈያ አጥተን ተጨነቅን። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ውስጥ የምናስገባው እጃችን የገባውን ብቻ ነው። በር ላይም በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሰጡትን የምትመዘግብ ልጅ እናስቀምጣለን። በየወሩ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የሚልክ ሰው ለእኔ ትልቅ ሰው ነው። ባዛር በዓመት አንዴ ነው። ዳይፐር ግን በየቀኑ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ቶምቦላስ?
መልስ፦ የሎተሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ትኬት አንሸጥም።

ጥያቄ፦ አረጋውያኑን መድረክ ላይ ብታወጧቸው ሰው ይበልጥ አይሰጥም?
መልስ፦ ይሰጥ ይሆናል። አናደርገውም። ልጆች ያሳደጉ፣ ቤት ያስተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ችግራቸው በማይክ ሲነገር አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ፤ ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ በእኛ ዝግጅት ቤተኞቹ እነሱ ናቸው። ቡናው ሲፈላ ዋናው ቦታ የእነሱ ነው፤ መራቂዎቹም እነሱ ናቸው። አንዳንዶቹ እናቶች በሲዳምኛ ነው የሚመርቁት፤ ቋንቋውን ባትሰሙም አሜን በሉ። ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ መጀመሪያ እነሱን ያስፈቅድ።

ጥያቄ፦ ልጄ በዊልቸር ነው የሚሄደው። መሳተፍ ይችላል?
መልስ፦ መስመሩን የመረጥነው እንደ እሱ ያሉትን አስበን ነው። ኮብልስቶን ዊልቸርን ያንገጫግጫል፤ ስለዚህ በአስፋልት ሄደን ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ እንጨርሳለን። ፀሐዩ ሳይከር በጠዋት ነው የምንነሳው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም አለ። አዳራሽ ስንከራይ ደግሞ መጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱን በር እንለካለን። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጓል። ሆኖም መግቢያው ላይ ራምፕ (የዊልቸር መወጣጫ) ኖሮት መጸዳጃው ደረጃ ያለው ሕንፃ ስንት ጊዜ ገጥሞናል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ልብስ ትቀበላላችሁ?
መልስ፦ ታጥቦ ከመጣ፣ ካልተቀደደ፣ አዎ። ሳሙናና አንሶላ ግን ይበልጥ ይቸግረናል።

ጥያቄ፦ የልጄን ልደት ከእነሱ ጋር ማክበር እፈልጋለሁ። ምን ላምጣ?
መልስ፦ አስቀድመሽ ደውይልን። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው አሉ፤ የሚጾሙም አሉ፤ ምግቡን አብረን እንመርጣለን። አንድ ልመና ግን አለኝ። በገብርኤል ንግሥም ሆነ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ጠያቂው ብዙ ነው፤ ምግቡም ይተርፋል። በአዘቦት ቀን በሩን የሚያንኳኳ የለም። ልደቱ ቅዳሜ ቢውልም ማክሰኞ አድርጊልን።