ትራክተር ሞተር ግቢ ውስጥ ልታወርዱ ላሰባችሁ ልጆች

ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው የእህቴ ልጅ ደውሎ "ጋሼ የማሴዋን ሞተር እዚሁ ግቢ ልናወርደው ነው፣ ፓራንኮም (በሰንሰለት ከባድ ነገር የሚያነሳው) ክሪክም ተውሰናል" አለኝ። ማሴ ፈርጉሰን 135 ናት፣ በፈረንጆቹ 1964 መውጣት የጀመረችው ትንሿ፣ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ፣ 2.5 ሊትር። ምኗን ነው ያመማት ስለው "ጭስ ታበዛለች" አለ። ምን አይነት ጭስ? ዝም። ጥቁር ከሆነ እኮ መጀመሪያ አየር ማጣሪያውንና ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተር ነው የምታየው፣ ሰማያዊ ሆኖ ዘይት እየበላች ከሆነ ያኔ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው ትላለህ። ስንቱ ሞተር በከንቱ ወርዷል መሰላችሁ፣ እኔ ራሴ አውርጃለሁ።

እሺ ይውረድ እንበል። መኪና ላይ ሞተሩ ሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጽም ላይ ነው የተቀመጠው፣ ብታወጣው መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ይጠብቅሃል። ማሴዋ ግን ሻንሲ የላትም፣ ሞተሩ ራሱ ነው ሻንሲዋ፣ ዘይት የሚይዘው ኮፓ ሳይቀር ወፍራም ብረት የሆነው ለዚህ ነው፣ ከፊት አክስሉ ከኋላ ካምቢዮው እሱ ላይ ታስረዋል ስለዚህ ሞተር አወረድክ ማለት ትራክተሯን ለሁለት ቆረጥካት ማለት ነው።

የፊት አክስሉ ደግሞ መሀሉ ላይ ባለች አንዲት ፒን ነው የሚወዛወዘው። ወጣት ሆኜ ይቺን ረሳሁ። የካምቢዮውን ብሎኖች ፈትተን ፊቷን ከነሞተሩ በጎማዋ ወደፊት ስንገፋ ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰከረ ሰው፣ ወደኔ ዘመም አለ። በእጄ ልይዘው ሞከርኩ፣ ከ200 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት! የግራ እጄ ትንሿ ጣት እስከዛሬ አትታጠፍም። መድኃኒቱ ሁለት የእንጨት ሽብልቅ ነበር፣ በግራና በቀኝ በአክስሉና በላዩ ባለው ብረት መሀል መትቶ ማስገባት፣ በቃ። የኋላው ግማሽም በክሪክ ብቻ አይቆምም፣ ካምቢዮው ስር ጠንካራ ግንድ ደርድሩለት፣ ጎማውንም በድንጋይ አግዱት።

ሌላው ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድማችሁ ፍቱ፣ ውሃና ዘይት አፍስሱ፣ የናፍጣ ታንከሩ ከሞተሩ በላይ ስለሆነ ይነሳል፣ በሁለቱም ጎን ያሉት የመሪ ዘንጎች ይፈታሉ። የናፍጣ ቱቦ በፈታችሁ ቁጥር አፉን ወዲያው ንፁህ ፌስታል አስራችሁ ዝጉ፣ ፖምፓው አቧራ አይወድም። ብሎኖቹን ጣሳ ውስጥ አትቀላቅሉ ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርፅ ስላችሁ እያንዳንዱን በቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡ፣ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን አጭሩ ቦታ አስገብቶ ብረት የሰነጠቀ ልጅ ጋራዥ ነበረን። ፓራንኮውን የቤት ማገር ላይ እንዳትሰቅሉ ብቻ።

ስትመልሱት ነው ትዕግስት የሚያልቀው፣ ምሽት ይሆናል፣ ርቦሃል፣ ሞተሩና ካምቢዮው ሊገናኙ ሁለት ጣት ቀርቷቸዋል፣ አንዱ ተነስቶ "በብሎን እንሳበው" ይላል። እንዳትሰሙት! የካምቢዮው ዘንግ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ጥርስ ውስጥ አልገባም ማለት ነው፣ በብሎን ከሳባችሁት ወይ ዲስኩ ይጣመማል ወይ የካምቢዮው ቤት ይሰነጠቃል። ማርሽ አስገቡና ቮላኖውን፣ ከሞተሩ ኋላ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ በእጅ ትንሽ ትንሽ አዙሩት፣ ጥርሱ ሲገጥም ራሱ ሸርተት ብሎ ይገባል።

ለእህቴ ልጅ እሁድ ጠዋት እመጣለሁ ብዬዋለሁ። ሽብልቁን ጠርቦ ይጠብቀኝ፣ ቡናም ይኑር።