በማረጋገጫ መስኮት ላይ «አይደለም» ይሆናል?

ጥያቄ፦ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች በሲ ቋንቋና በኤንከርስስ ላይብረሪ (በተርሚናል ላይ መስኮት ለመሳል የሚያገለግል) ባለመስኮት የተርሚናል ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ማረጋገጫው «ፋይሉን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ይላል፤ ቁልፎቹ «አዎ» እና «አይደለም» ናቸው። ሌላ ቦታ «ሰርዝ»፣ «አስቀምጥ» ብያለሁ። አማርኛው ልክ ነው? የቁልፎቹስ ስፋት ለምን ይለያያል?

መልስ፦ «አይደለም» ይውጣ። የ«ነው» አፍራሽ ስለሆነ «ፋይሉ ይህ ነው?» ለሚል ጥያቄ እንጂ «ይፈልጋሉ?» ለሚል አይመልስም። «ሰርዝ» ደግሞ ለአንድ ወንድ በአንተታ የሚነገር ትእዛዝ ነው። ለሴቷ ሠራተኛ «ሰርዢ»፣ ለአንጋፋው «ይሰርዙ» ሊባል ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ከፊቱ ማን እንደተቀመጠ አያውቅም።

እኔ የምመርጠው በየቢሮው አፍ ላይ ያለውን ነው፦ «ፋይሉ ይሰረዝ?» መልሱም «ይሰረዝ» ወይም «ይቅር»። ግሡ ተደራጊ ስለሆነ የሚስማማው ከፋይሉ ጋር ነው፤ ፆታም ማዕረግም አይነካም። ቁልፉ ራሱ ግሡን ስለሚደግም ጥያቄውን ሳያነብ የሚጫን ሰው እንኳ ምን እንደሚያደርግ ያያል። «ይቀመጥ» እና «ይዘጋ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ቁጥር ሲገባ «3 ፋይል ይሰረዝ?» ማለት ያምራል፤ ከቁጥር በኋላ ነጠላው ስም ስለሚበቃ ለብዙ ቁጥር ሌላ ዓረፍተ ነገር ማዘጋጀት አያስፈልግም። «አይሰረዝ?» ብሎ በአፍራሽ መጠየቅ ግን ይቅር፤ «አዎ» ሲባል ይሰረዝ አይሰረዝ አይለይም።

ወደ ስፋቱ ስንመጣ፣ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመወከያ ሥርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ተርሚናሉ ላይ የሚይዘው ግን 1 ዓምድ። ጽሑፍ የሚያወጣውን የሲ ተግባር ፕሪንትኤፍን በ12 ስፋት ሙላ ስትለው የሚቆጥረው ባይት ነው። «ይሰረዝ» 12 ባይት ስለሆነ ምንም ክፍተት ሳይጨመርለት በ4 ዓምድ ይቀራል፤ «ይቅር» 9 ባይት ስለሆነ 3 ክፍተት ተጨምሮለት 6 ዓምድ ይይዛል። አጭሩ ቃል ሰፊውን ቁልፍ ያገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቃሉን ወደ ሰፊ ፊደል (ሲ እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ ሙሉ ቁጥር ወደሚይዝበት ዓይነት) ቀይረህ ስፋቱን በዓምድ ለካ፤ የጎደለውን ክፍተት ራስህ ጨምር። ፊደሎቹ ተበጣጥሰው ከታዩ ሁለት ነገር ተመልከት፦ የቋንቋ ቅንብሩን የሚያስገባው ሴትሎኬል ስክሪኑን ከሚያስጀምረው ኢኒትስክሪን በፊት መጠራቱን፣ እና ፕሮግራሙ የተያያዘው መጨረሻው ላይ «ደብሊው» ካለበት የኤንከርስስ ቅጂ ጋር መሆኑን። ተጠቃሚው ስም በአማርኛ የሚጽፍበት ሣጥን ካለህም ከኪቦርድ የሚያነበው ጌትሲኤች ፊደሉን ባይት በባይት ስለሚሰጥህ ሰፊ ፊደል የሚያነበውን አቻውን ተጠቀም።