ወፌ ቆመች፤ መቀመጡስ?

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ወር ተኩል ሆኗታል። የሶፋውን ጫፍ ጨብጣ ትቆማለች። «ወፌ ቆመች!» ብለን አጨብጭበን ሳንጨርስ ግን ለቅሶዋን ትለቀዋለች። አንስቼ ሳስቀምጣት ግማሽ ደቂቃ ሳትቆይ ተመልሳ ትቆማለች፤ ከዚያ ያው ለቅሶ ነው። ሌሊትም አልጋዋ ላይ እንዲሁ። ጊዜዋ እስኪደርስ ባታበረታቷት ይሻላል የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ማበረታታቱን አይተዉ። የሚያስለቅሳት መውረጃው ስለጠፋት ነው። ስትነሳ በእጇ ትስባለች፣ በእግሯ ትገፋለች፤ የምትጨብጠውም ከፊቷ ይታያታል። ለመቀመጥ ግን ክብደቷን እንደተሸከመች ጉልበቷን ቀስ እያለች ማጠፍ፣ መቀመጫዋንም ወደማታየው ወደ ኋላ መስደድ አለባት። ይህ ከመነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ጉልበቷን ገትራ ትቆማለች፤ ሲደክማት ታለቅሳለች። ጠጋ ብለው ይዩዋት፤ የእግር ጣቶቿ ምንጣፉን ቆንጥጠው፣ ሆዷ ሶፋው ላይ ተለጥፎ ያገኙታል።

በለቀሰች ቁጥር ብድግ አድርገው ሲያስቀምጧት ጉልበቷ ምንም ሳይሠራ ትወርዳለች። በዚያ ፋንታ ከኋላዋ ይንበርከኩና ሁለት እጅዎን ዳሌዋ ላይ ያድርጉ፤ ብብቷን አይያዙ። የምትወደውን አሻንጉሊት ከጎኗ፣ በጉልበቷ ቁመት ልክ ባለ ሳጥን ወይም ወፍራም ትራስ ላይ ያስቀምጡ። አንድ እጇን ለቅቃ ስትንጠራራ ጉልበቷ በራሱ ይታጠፋል። ካልታጠፈ ቋንጃዋን በአውራ ጣትዎ በስሱ ነካ አድርገው ዳሌዋን ወደ ኋላና ወደ ታች ይምሩት፤ «ቁጭ» ይበሏት። ይህን ከለመደች ሳጥኑን አንስተው አሻንጉሊቱን ወለሉ ላይ ያውርዱት። በአንድ ጊዜ 3 ወይም 4 ሙከራ ይበቃል፤ በቀን ውስጥ ደጋግሞ መመለስ ይሻላል። ግራ ጎኗንም ቀኝ ጎኗንም ያሠሯት። ሆዷ ከሶፋው ተላቅቆ በአንድ እጇ ብቻ ስትይዝ ካዩ ነገሩ እየተሳካ ነው።

መነሳቱም ቢሆን መስተካከል አለበት። የምትይዘው ነገር ከእምብርቷ እስከ ደረቷ ቢደርስ ጥሩ ነው። ከዚያ ከፍ ካለ ተንጠልጥላ በጣቶቿ ጫፍ ትቆማለች። የማይነቃነቅ ይሁን፦ ጫፉን ይዘው በደንብ ወደራስዎ ይሳቡት፤ ከተንቀሳቀሰ እሷም ትገለብጠዋለች። ከጠረጴዛ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ ያንሱ፣ መደርደሪያውን ከግድግዳ ጋር ያስሩ። ሁለት እግሯን እየጎተተች በእጇ ብቻ የምትነሳ ከሆነ፣ ተንበርክካ ሳለች የአንድ እግሯን መዳፍ ወደፊት አምጥተው ወለሉ ላይ ያሳርፉትና ይጠብቁ። መግፋቱ የእሷ ሥራ ነው። እጇን ይዞ ወደ ላይ መሳብ ግን ይቅር፤ በዚህ ዕድሜ የክርን መገጣጠሚያ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል።

ሕፃናት ሌሊት የሚነሱት ቀን የተማሩትን ስለሚደግሙ ነው። ፍራሹን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ያውርዱት፤ የምትረግጠው ትራስ ወይም ትልቅ አሻንጉሊት አልጋው ውስጥ አይተዉ። ቀን ቀን እዚያው አልጋ ውስጥ መቀመጥ ያለማምዷት። ሌሊቱን ሳያጫውቱ፣ መብራት ሳያበሩ መልሰው ያስተኟት። ጭብጨባው ለቀን ነው።

ጥያቄ፦ ቶሎ እንዲቆም ብለው ባለ ጎማ ዎከር ገዝተውልናል። በቀን ስንት ሰዓት ላስቀምጠው?

መልስ፦ ዜሮ። ዎከሩ ውስጥ ክብደቱን የሚሸከምለት መቀመጫው ነው፤ ሕፃኑ ሚዛን መጠበቅ አይማርም። በጣቶቹ ጫፍ ይገፋል፣ የገዛ እግሩንም አያይም። ከሁሉ የሚከፋው ፍጥነቱ ነው፦ በ1 ሰከንድ 1 ሜትር ያህል ስለሚሄድ አጠገቡ ያለ ሰው እንኳ ደረጃ ወይም የሚፈላ ነገር ጋ ከመድረሱ በፊት ላይዘው ይችላል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ጭምር ከልክላለች። ስጦታውን መመለስ ካስቸገረ ጎማዎቹን ነቅለው ይጣሉ፤ ሰጪው ይቀየም ይሆናል፣ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ወንዱ ልጄ 11 ወሩ ነው፤ የተወለደው 6 ሳምንት ቀድሞ ነበር። ይዤው ሳቆመው በእግሩ ይገፋል፤ ራሱን ችሎ ግን አይነሳም። አይድህም፣ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። እኩያው የሆነ የጎረቤት ልጅ መራመድ ጀምሯል።

መልስ፦ የጎረቤቱን ልጅ ይተዉት። ቀድሞ ለተወለደ ልጅ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ የቀደመበት ጊዜ ይቀነሳል፤ የእርስዎ ልጅ ለዚህ ጉዳይ 9 ወር ተኩል ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ፣ ጤነኛ ሕፃናት ነገር ይዘው የሚቆሙት ከ4.8 እስከ 11.4 ወር፣ ምንም ሳይዙ የሚቆሙት ደግሞ ከ6.9 እስከ 16.9 ወር ባለው ጊዜ ነው። በዚያው ጥናት 4.3 በመቶ የሚሆኑት በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ አልፈዋል። የሚንፏቀቁ ልጆች መቆምና መሄድ ላይ ዘግየት ይላሉ፤ ተቀምጠው ሁሉም ቦታ ስለሚደርሱ መነሳት አያጓጓቸውም። ስለዚህ የሚፈልገውን ነገር ከወለል ወደ ሶፋ ያውጡበት።

ሐኪም የሚያስፈልገው በተስተካከለው ዕድሜ 12 ወር ሞልቶት ተይዞ እንኳ እግሩ ክብደት ካልተሸከመ፣ አንድ ጎኑን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ እግሮቹ እንደ እንጨት ከደረቁ ወይም ከተልፈሰፈሱ ነው። ይችለው የነበረውን ከተወ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ጫማ ልግዛ? እግሯም ወልገድ ያለ ነው፤ ጣቶቿ ላይም ትቆማለች።

መልስ፦ ቤት ውስጥ ባዶ እግሯን ትሁን፤ ወለሉን የሚነግራት የእግሯ መዳፍ ነው። ካልሲ ብቻውን ያንሸራትታል። ከቤት ውጭ ጫማው በሁለት ጣት ሲያጥፉት ፊት ለፊቱ ላይ የሚታጠፍ ይሁን። እስከ 2 ዓመት ድረስ ሁለቱም እግሮች እኩል ወልገድ ማለታቸው የተለመደ ነው። ጣት ላይ መቆሙም መጀመሪያ ላይ ያጋጥማል፤ ተኝታ ሳለች የእግሯን መዳፍ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት ቁርጭምጭሚቷ አልታጠፍ ካለ ግን ያስመርምሯት።