መሐንዲሱ ሥራ አስኪያጅ የትኛውን ሁለተኛ ዲግሪ ይማር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከምህንድስና ሥራ ወደ አስተዳደር ኃላፊነት የተሸጋገሩና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስቡ አንባቢያን ከላኳቸው ጥያቄዎች መካከል የተወሰኑትን መርጬ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። አንዳንዶቹ ደብዳቤዎች ረዘም ያሉ ስለነበሩ ዋና ሐሳባቸውን ብቻ አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። በአንድ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ለ14 ዓመታት ሠርቼ አሁን የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ፤ በቅርቡም ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጅነት ልታደግ እንደምችል ተነግሮኛል። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ)፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ወይስ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ብማር ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብዙ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው ወይ ባልደረባው ስለተማረው ወይም የማታው መርሐ ግብር ስለተመቸው ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዲያጤኑ እመክርዎታለሁ፤ ባለፈው ዓመት በሥራዎ ላይ ተነሥቶ፣ እርስዎ መወሰን ሲገባዎ ዕውቀቱ ስላልነበረዎ ብቻ ለሌላ ሰው የተዉት ጉዳይ የትኛው ነበር? የሚማሩትም ያንን ጉድለት የሚሞላውን ትምህርት ይሁን።

ከሳይት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ መሐንዲስ በአብዛኛው መርሐ ግብር ማውጣትም ሆነ ማሽነሪና የሰው ኃይል መደልደል አይከብደውም። የሚከብደው የፋይናንስ ኃላፊው የሂሳብ ሪፖርቱን ይዞ ሲቀርብ ነው። ድርጅቱ በዓመቱ አትርፏል ተብሎ ሲያበቃ፣ የዚያው ወር ደመወዝ በባንክ ብድር ይከፈላል። ትርፉ በወረቀት ላይ ቢኖርም ገንዘቡ ገና ባልተከፈሉ የክፍያ ሰርተፊኬቶች (ለተሠራው ሥራ በጸደቁ የክፍያ ሰነዶች)፣ በተያዘ ሪቴንሽን (አሠሪው ከየክፍያው ቀንሶ በሚያቆየው ገንዘብ)ና ለባንክ ዋስትና በተቀመጠ ማስያዣ ውስጥ ታስሯል፤ በመጀመሪያ የተወሰደው ቅድሚያ ክፍያም ከየሰርተፊኬቱ እየተቀነሰ ስለሚመለስ፣ ሥራው እየገፋ ሲሄድ በእጅ የሚገባው ገንዘብ እየሳሳ ይመጣል። ምክትል ሥራ አስኪያጅ ይህን አንብቦ «አዲሱን ጨረታ አሁን አንገባም» ለማለት መቻል አለበት። ይህ የሂሳብ አያያዝና የፋይናንስ ዕውቀት ሰፋ ያለ ቦታ የሚያገኘው በኤምቢኤ ውስጥ ስለሆነ፣ ዕድገቱ እርግጥ ከሆነ ምርጫዬ እሱ ነው።

ዕድገቱ ገና በተስፋ ደረጃ ያለ ከሆነና ዋነኛው ራስ ምታትዎ የውል ክርክር ከሆነ ግን መልሴ ይለወጣል። በፊዲክ (በዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የውል ሁኔታዎች መሠረት ተቋራጩ ለጊዜ ማራዘሚያ ወይም ለተጨማሪ ክፍያ ምክንያት የሚሆን ነገር መከሰቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ በ28 ቀናት ውስጥ ማስታወቂያ ካልሰጠ፣ የመጠየቅ መብቱን ሊያጣ ይችላል። የተሻሻለው ንድፍ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ከአማካሪው መሐንዲስ ጋር በቃል ተግባብተናል ብሎ ደብዳቤ ሳይጽፍ ይቀራል፣ ቀኑም ያልፋል። እንዲህ ላለው ጉዳይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አምስት ኪሎ፣ እንደሚሰጠው የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ያለ ትምህርት ይበጃል።

ፕሮጀክት ማኔጅመንትን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጠዋለሁ። ከጤና፣ ከግብርና ወይም ከግብረ ሰናይ ድርጅት ለሚመጣ ተማሪ እጅግ ይጠቅማል፤ 14 ዓመት ሳይት ላይ የቆየ ሰው ግን ከኮርሶቹ መካከል ብዙዎቹን ከመምህሩ ባልተናነሰ ሊያውቃቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ስሆን የተከላ ቡድን እመራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪ ከምማር ፒኤምፒ ብወስድ አይበቃኝም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱ የሚተካኩ አይደሉም። ፒኤምፒ ፕሮጀክት የመምራት ልምድዎን የሚያረጋግጥ የሙያ ምስክርነት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አመልካች ፕሮጀክት በመምራት የ36 ወራት ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ካገኙት በኋላም በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥቦች አሟልተው ያድሱታል። በውጭ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጡ ስሙን ሲጠቅሱት ይታያል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረጃ ዕድገት መስፈርት ግን «ሁለተኛ ዲግሪ» ካለ ፒኤምፒው አያሟላልዎትም። በመሆኑም በመጀመሪያ የሚያስቡበትን የሥራ መደብ መስፈርት ከሰው ሀብት ክፍል ወስደው ያንብቡ። እንደ እርስዎ ሥራው በእጃቸው ላለ ሰዎች ፒኤምፒ በጥቂት ወራት ዝግጅት የሚገኝ ስለሆነ፣ መስፈርቱ የማያግድዎ ከሆነ በእሱ ቢጀምሩ አይከፋም።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ እኖራለሁ፤ በአንድ ድርጅት ስምንት መሐንዲሶችን አስተባብራለሁ። አሠሪዬ የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ኢንጂነሪንግ ማኔጅመንት ወይስ ኤምቢኤ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በዚያው የምህንድስና ክፍል ውስጥ ወደ ዳይሬክተርነት ለማደግ ካሰቡ ኢንጂነሪንግ ማኔጅመንት ይሻላል። ትምህርቱ የቴክኒክ ሠራተኞችን አመራር፣ የሥርዓት ንድፍን፣ የጥራት ቁጥጥርንና የውሳኔ ትንተናን ከሂሳብ መሠረታዊ ትምህርት ጋር አጣምሮ ይሰጣል። በአቅራቢያዎ ጆንስ ሆፕኪንስና ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኛ በሚመች መልኩ ያስተምሩታል። ከምህንድስና ወጥተው ወደ ፋይናንስ፣ ወደ ማማከር ወይም ወደ ምርት ግብይት ለመግባት ከፈለጉ ግን መንገዱ ኤምቢኤ ነው፤ ቀጣሪዎች ለእነዚህ ሥራዎች ሰው ሲፈልጉ የሚሄዱት ወደ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ነውና። እግረ መንገዴን ለመጥቀስ ያህል፣ ምህንድስናና የቢዝነስ አስተዳደር ሲነሡ እንደ ዛሬው የተራራቁ አልነበሩም፤ የኤምአይቲ የማኔጅመንት ትምህርት ቤት መነሻው በ1914 እ.ኤ.አ. ለመሐንዲሶች የተከፈተ የምህንድስና አስተዳደር ትምህርት ነው።

ስለ ክፍያው ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በአሜሪካ የግብር ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው የትምህርት ወጪ ከግብር ነፃ የሚሆነው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር ይቆረጥበታል። ጣሪያው የሚቆጠረው በካላንደር ዓመት እንጂ በትምህርት ዘመን አይደለም፤ ስለዚህ ዲግሪውን በአራት ዓመት ቀስ ብለው ቢጨርሱ 21,000 ዶላር ያህል ከግብር ነፃ ሊያገኙ ይችላሉ፣ በሁለት ዓመት ቢያጣድፉት ግን ግማሹን ብቻ። አሠሪዎች ብዙውን ጊዜ በየኮርሱ የተወሰነ ውጤት እንዲመጣና ተማሪው ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሥራውን ሳይለቅ እንዲቆይ፣ ከለቀቀም ገንዘቡን እንዲመልስ ያስፈርማሉ። ያንን ወረቀት ከመመዝገብዎ በፊት ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ለኤምቢኤ ጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) መፈተን ግዴታ ነው? (ከዚሁ ከአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ለብዙ የትርፍ ጊዜ ፕሮግራሞች አይደለም፤ የዓመታት የሥራ ልምድ ያለውን አመልካች ከፈተናው ነፃ ያደርጋሉ። ከተፈተኑ ደግሞ አዲሱ ፈተና 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከ205 እስከ 805 ይመዘናል፣ ውጤቱም ለ5 ዓመት ያገለግላል።

ጥያቄ፦ በ2003 ዓ.ም. ተመርቄ 38 ዓመት ሆኖኛል። ነፃ የትምህርት ዕድል የማግኘት ተስፋ አለኝ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለዎት፤ ነገር ግን ሁሉም በር ክፍት አይደለም። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ተቋም ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች ያዘጋጀው የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ቢፈልግም፣ የመጨረሻው ዲግሪ በአጠቃላይ ከተያዘ ከ6 ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ስለሚጠይቅ ለእርስዎ አልፎብዎታል። ይህን ሳያነቡ ወራት የሚያባክኑ አመልካቾች ጥቂት አይደሉም። ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ የተባለው የጃፓን የትምህርት ዕድል ዕድሜን እስከ 39 ዓመት ይቀበላል፤ ከትምህርቱ ጋር በጃፓን ኩባንያ ውስጥ የሥራ ልምምድ ስለሚሰጥ ከማምረቻ ዘርፍ ለሚመጣ መሐንዲስ የሚስማማ ነው። ጊዜዎ አጭር ስለሆነ ዘንድሮውኑ ያመልክቱ። የብሪታኒያው ቺቭኒንግ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፣ ትምህርቱ አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያም ወደ አገርዎ ተመልሰው ሁለት ዓመት መቆየት ይኖርብዎታል። ለኤምቢኤ የሚከፍለው ገንዘብ ግን ጣሪያ ስላለው፣ ልዩነቱን ከኪስ ላለመክፈል የኤምኤስሲ ማኔጅመንት ፕሮግራሞችን መምረጥ ብልህነት ነው።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ሳልለቅ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ኤምቢኤ ልማር አስቤአለሁ። ያዋጣል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ትምህርቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመረው የኦንላይን ኤምቢኤ ከ30 ሺህ ዶላር በታች ስለሚያስከፍል ከታወቁት መካከል ርካሽ ይባላል። ችግሩ ያለው ምንዛሪው ላይ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 20 ሺህ ዶላር ቀድሞ 1.14 ሚሊዮን ብር የነበረው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆነ ማለት ነው። ደመወዝዎ በብር ከሆነ አያዋጣም እላለሁ። በሌላ ምንዛሪ የሚከፈልዎ ከሆነ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት በኦንላይን የተገኘው ዲግሪ የአቻ ግምት የሚያገኝ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በጽሑፍ ይጠይቁ። በሳዑዲ ዓረቢያና በኤምሬትስ የሚሠሩ ወገኖችም ይህንኑ ጥያቄ ለሚኖሩበት አገር ባለሥልጣን ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ አንድ የግል ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና ሳልፈተን እንደሚመዘግበኝ ነግሮኛል። ልመዝገብ? (ከደሴ)

መልስ፦ አይመዝገቡ። አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መኖሩን ኮሌጁም ያውቀዋል። ሌላውን ኮሌጅ ሲመርጡም ፈቃዱ ለሚማሩት ፕሮግራምና ለሚማሩበት ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ይመልከቱ፤ ኮሌጁ በሌላ ከተማ ለሌላ ትምህርት ያገኘው ዕውቅና ለእርስዎ አያገለግልም።

ጥያቄ፦ ኮርሶቼን ጨርሼ ቴሲስ ላይ ከቆምኩ ሰነበትኩ። በሥራ ብዛት መቀጠል አልቻልኩም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሥራ ላይ ያለ ተማሪ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ መንሥኤውም በአብዛኛው ከሥራው የራቀ ርእስ መምረጡ ነው። መረጃው በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ያለ ርእስ ከሆነ ይተዉትና በራስዎ ድርጅት ባሉ የፕሮጀክት ሰነዶች ላይ የሚሠራ ርእስ ለአማካሪ መምህርዎ ያቅርቡ፤ ለምሳሌ ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት ያቀረባቸው የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄዎች ስንቱ እንደተፈቀዱና ያልተፈቀዱት በምን ምክንያት እንደቀሩ። መጠይቅ በትኖ የመልስ ሰጪ ያለህ ከማለት ይገላግልዎታል። የድርጅቱን ፈቃድ በደብዳቤ ይያዙ፣ የአሠሪዎችንና የፕሮጀክቶችን ስም በኮድ ይተኩ፤ የዓመት ፈቃድዎንም ቆራርጠው ከመውሰድ ይልቅ በአንድነት ለጽሑፉ ቢያውሉት ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን የቆይታ ጊዜዎ ያላለቀ መሆኑን ከሬጅስትራር ያረጋግጡ፤ አልቆ ከሆነ ማራዘሚያ ሳይጠይቁ ምንም አይጻፉ።