ስኳር ያለባት ነርስ ሕፃናት ክፍል ትቆይ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 24 ዓመትሽ ነው፣ ሕፃናት ክፍል ከገባሽ ሁለተኛ ዓመትሽ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ታይፕ ዋን ስኳር ነው ተብለሽ ኢንሱሊን ጀምረሻል። ለኃላፊዬ ልንገር ወይስ ልደብቅ፣ ናይት እችላለሁ ወይ፣ ወይስ ከነጭራሹ ክፍል ልቀይር ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለዋል። ደጎች ናቸው። ግን ማክሰኞ ናይት እንዳለሽ ጽፈሻል፤ ከአይዞሽ በላይ የሆነ ነገር ያስፈልግሻል።

እኔ ነርስ ከሆንኩ 18 ዓመቴ ነው። ስኳሩ የተገኘብኝ ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ፣ 22 ዓመቴ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሕፃናት ክፍል የወጣሁት አንዴ ብቻ፣ ለሁለት ወር ነው፤ እሱንም እነግርሻለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልበልሽ። ክፍልሽን አትልቀቂ። ግን እንዳትደብቂ። እኔ ደብቄ ሰው ልገድል ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ማንም አያውቅም። መርፌዬን የምወጋው ሽንት ቤት ገብቼ ነው። ኢንሱሊኔን የዋርዱ ፍሪጅ ውስጥ አላስቀምጥም፣ ስም ይጻፍበት ይባላላ። ካልሲ ውስጥ ከትቼ በቦርሳ ነበር የምዞረው። አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ የዓመት ከአራት ወር ልጅ ሰውነቱ ቀዘቀዘብኝ። ክብደቱ 6 ኪሎ። ጣቱን ወግቼ የደሙን ስኳር ስለካ 41። እንደዚያ የተጎዳ ልጅ ከ54 ከወረደ ጊዜ እንደማይሰጥ ታውቂያለሽ፤ ባለ 10 ፐርሰንት ግሉኮስ፣ በኪሎ 5 ሚሊ፣ ለሱ 30 ሚሊ ማለት ነው። ያለን ግን ባለ 40ው ብቻ ነው። ከሱ አንድ እጅ፣ ከውኃው ሦስት እጅ ይቀላቀላል፤ 7.5 በ22.5። ይሄን ሒሳብ ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽ ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ።

ያን ሌሊት ጠፋኝ። ሲሪንጅ ይዤ ቆሜያለሁ። ሦስት እጅ የቱ ነው፣ ውኃው ነው ስኳሩ? 30 የሚለው ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል፣ የምን 30 እንደሆነ ግን አላውቅም። ከዚያ ከባለ 40ው ሠላሳውን ሚሊ ሳላቀጥን ቀዳሁት። ቀድቼ ወደ ልጁ ዞርኩ። ቆይ፣ ልክ ነው እንዴ የሚል ነገር እንኳ አልመጣብኝም። ስኳርሽ ሲወርድ የሚያስፈራው ይሄ ነው፣ መሳሳትሽን የሚነግርሽ ጭንቅላት አብሮ ይጠፋል።

ያዳነችን እናትየው ናት። «ሲስተር፣ ምን ሆነሻል? ላብሽ ልጁ ላይ እየተንጠባጠበ እኮ ነው» አለችኝ። እጄን ያዘችና አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችኝ። ከፔርሙዟ ሻይ ቀዳች፣ የገጠር ሻይ፣ ስኳሩ ማር የሚመስል። አጠገቧ ያለችውን አስታማሚ «ሂጂ ሌላዋን ሲስተር ጥሪ» ብላ ላከቻት። ባልደረባዬ እየሮጠች መጣች። ሲሪንጁን ከእጄ ቀምታ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ምንም ሳትል ደፋችውና እንደ አዲስ አዘጋጅታ ለልጁ ሰጠችው። ከዚያ የኔን ጣት ወጋች። 44። ልጁ 41፣ እኔ 44።

ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወጣ። ሴትየዋ እስክትወጣ ድረስ በየማታው ሻይ ታስቀርልኝ ነበር። እኔ ለልጇ ወተት በየሦስት ሰዓቱ እለካለሁ፣ እሷ እኔን ትለካለች።

ጠዋቱን ለኃላፊዋ ሁሉንም ነገርኳት። ያኔ ነው ካርድ ክፍል የተላክሁት፣ «ለልጆቹም ላንቺም ደህንነት» ተብሎ። ሁለት ወር የጠፋ ካርድ ስፈልግ ከረምኩ። ቂም ይዤ ነበር፣ አሁን ግን እውነት ለመናገር ያን ሰሞን እኔም ኃላፊ ብሆን ይሄንኑ ሳላደርግ አልቀርም። የመለሱኝ አዝነውልኝ እንዳይመስልሽ። የጨቅላ ቬይን፣ የደም ሥሩን ማለቴ ነው፣ የሚያገኝ እጅ ጠፍቶ ነው።

ስለዚህ ለኃላፊሽ ንገሪ፣ አብረውሽ ለሚገቡትም ንገሪ። ስትነግሪ ደግሞ «ስኳር አለብኝ» ብለሽ አታቁሚ፣ ሰው ያንን ሲሰማ የሚያስበው የጎረቤቱን አሮጊት ነው። «ካላበኝ፣ ከተነጫነጭኩ፣ የጠየቃችሁኝን ካልመለስኩ ጣቴን ወግታችሁ ለኩኝ፣ ከረሜላው ቀኝ ኪሴ ነው» በይ። ይሄን ያህል በቂ ነው። የሚያወራ ይኖራል። «ስኳሯን ሰበብ አድርጋ ዱቲ ታማርጣለች» ተብያለሁ፣ ይባልሻልም። እኔ ናይት ከነጭራሹ ይቅርልኝ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ የጠየቅሁት ብቻዬን እንዳልገባ ነው። ይሄኛውን እምቢ የሚል ኃላፊ እስካሁን አልገጠመኝም። የግል ሆስፒታል ከሆንሽ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አንብቢው፤ የሕመም ፈቃድ በዓመት እስከ ስድስት ወር አለሽ፣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ደሞዝ። መንግሥት ቤት ከሆንሽ የሲቪል ሰርቪሱ ሌላ ነው፣ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቂ።

አሁን ወደ ማክሰኞ። የምትወጊው ኤንፒኤች የሚባለውን ደፍራሳ ኢንሱሊን ከሆነ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ የወጋሽው ጉልበት የሚያወጣው ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ አሥር ድረስ ነው። ማለትም አንቺ በምትሯሯጪበት፣ ሰው ሁሉ በሚደክምበት ሰዓት። ቤትሽ ተኝተሽ የሚበቃሽ መጠን ዋርድ ውስጥ ሊበዛብሽ ይችላልና ከማክሰኞ በፊት ሐኪምሽን በስልክም ቢሆን ጠይቂው፣ በራስሽ እንዳትቀንሺ። እኔ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እለካለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ርቦኝም ሳይርበኝም እበላለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሽሮ በእንጀራ፣ ካልሆነ ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ከ70 በታች ከሆንኩ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ቁጭ፣ ከዚያ እንደገና መለካት። ቸኮሌት አይሆንም፣ ቅባቱ ያዘገየዋል። «ይቺን ቬይን ልጨርስና» የሚባል ነገር ደግሞ የለም። የያዝሽውን አስቀምጪ። ልጁ ያለቅስ፣ እናቱ ትቆጣ።

ከረሜላውን ለሁለት ኪስ ክፈይው። ግራው ለልጆቹ ማባበያ፣ ቀኙ ያንቺ። እኔ መጀመሪያ አንድ ኪስ ነበር የነበረኝ፤ አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄን ስከት ወረቀቱ ብቻ ተርፏል። የአራት ዓመት ሌባ ነው የጨረሰብኝ፣ እግሩ ተሰብሮ እንኳ ከአልጋ አልጋ ይዞር ነበር።

ኢንሱሊንሽን ዋርዱ ፍሪጅ ውስጥ ስምሽን በትልቁ ጽፈሽ አስቀምጪ፣ ግን በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳይገባ። አንዴ ፍሪጅ ያጸዳ ሰው የኔን እዚያ ጨምሮት ደርቆ አገኘሁት። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይጠቅም፣ ጣይው። የከፈትሽው ከፍሪጅ ውጭም 28 ቀን ይቆይልሻል፣ ሙቀት ካላገኘው። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንሽ እንደ አያቶቻችን እርጥብ አሸዋ ያለበት የሸክላ ገንቦ በቂ ነው፣ ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልለሽ።

ጾምንም አንስተሻል። እኔ የመጀመሪያውን ሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብዬ በሳምንቱ ወደቅሁ። የንስሐ አባቴ ተቆጡኝ፣ ያውም ጾሜን በማፍረሴ መስሎኝ አንገቴን ስደፋ፣ ሳልበላ መርፌ በመውጋቴ ነው። አሁን ጠዋት እበላለሁ፣ ከሥጋና ከወተት እታቀባለሁ። አንቺም ጠይቂያቸው። ስለ ትዳርና ልጅ ያልሽው ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ እኔ አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ደህና ናት፣ ብቻ ከማርገዝሽ በፊት የሦስት ወሩ አማካይ ስኳርሽ መስተካከል አለበት።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹ ጋ ሕመምሽ ይጠቅምሻል ይሉሻል። አንዳንዴ እውነት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሳምንት ሙሉ ታይፎይድና ጨጓራ ተብላ ስትታከም ቆይታ የመጣች፣ ታስመልሳለች፣ ትንፋሿ ቁና ቁና ይላል። ስጠጋት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ መጣብኝ። አውቀዋለሁ፣ የኔም ትንፋሽ አንድ ሰሞን እንዲህ ሸቷል። የስኳር መለኪያው ማሽን ቁጥር እንኳ አልሰጠም፣ «ሃይ» አለ፣ ከምለካው በላይ ነው ማለቱ ነው። ሌሊቱን ፈሳሽና ኢንሱሊን እየሰጠን አነጋነው።

በአምስተኛው ቀን መርፌ አልወጋም ብላ አልጋ ሥር ገባች። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ፣ የራሴን መርፌ አውጥቼ ሆዴ ላይ ወጋሁ እያየችኝ። ወጥታ መጣች።

«ስንት ዓመት ወጋሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«ታዲያ ለምን አልዳንሽም?»

መልስ አልነበረኝም። ዞር ስል እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ለካ አምስት ቀን ሙሉ እድሜ ልክ መሆኑን በግልጽ የነገራቸው ሰው የለም። መጠን ነግረናል፣ አወጋግ አሳይተናል፣ ወረቀት ሰጥተናል። እሷ ግን «ስትድን ይቆማል» ብላ ነው የገባት፣ ከዚያ ወደ ጸበል ልትወስዳት አስባ ነበር፣ መርፌውን ትታ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ከዜሮ ጀመርኩ። ጸበሉንም ሂዱ፣ መርፌውን ይዛችሁ ሂዱ አልኳት። በፈረንጆቹ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ እንደነበር ነገርኳቸው፣ ከዚያ በፊት እንደዚህ ያለ ልጅ ተርቦ ተርቦ ከመሞት ሌላ ዕድል እንዳልነበረው። ልጅቷ የያዘችው 14 የምትለዋን ብቻ ነው፤ «እኔ በዘጠኝ ጀመርኩ፣ እበልጠዋለሁ» አለች። አሁን ለአዲስ ቤተሰብ ሳስረዳ የምጀምረው ከዚያችው ከልጅቷ ጥያቄ ነው።

ጫማሽን አደራ፣ ጠባብ ጫማ አድርገሽ 12 ሰዓት ሙሉ እንዳትቆሚ፣ ማታ ማታ እግርሽን እይ። ዓይንሽንና ኩላሊትሽን በዓመት አንዴ ታዪ። ይሄን ሁሉ ለበሽተኛ ትናገሪዋለሽ፣ ለራስሽ ግን ትረሺዋለሽ፣ እኔ ሁለት ዓመት ረስቼ በዓይኔ ከፍያለሁ።

ደግሞ ስትሪፕ፣ የስኳር መለኪያው ወረቀት፣ ጠፋ ብለሻል። መለኪያ ማሽንሽ፣ ግሉኮሜትርሽ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ከጀርባው አንብበሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ከኔ ጋር አንድ ከሆነ ያልተከፈተ አንድ ሳጥን ትርፍ አለኝ፣ እስከ ማክሰኞ አደርስልሻለሁ።