ያነሱት ነገር አለ?

ለወጣት አስተርጓሚዎች፣

ሥራውን በጀመርኩባቸው ወራት፣ ለንደን ውስጥ ወደ አንድ ሆስፒታል ሌሊት ተጠርቼ ሄድኩ። አዛውንቱ ታካሚ ሆዳቸውን ይዘው ተኝተዋል። ነርሷ «ሃቭ ዩ ብሮት ኤኒቲንግ አፕ?» አለች። እኔ «ብሪንግ አፕ»ን የማውቀው ጉዳይን ለውይይት ማንሳት በሚለው ፍቺው ብቻ ነበርና «አባባ፣ ያነሱት ነገር አለ?» አልኳቸው። ስለ ሸክም የተጠየቁ መሰላቸው። «ኧረ ምንም አላነሳሁም ልጄ፣ ተኝቼ ነው የዋልኩት» ሲሉ መለሱ፤ ነርሷም «የለም» ብላ ጻፈች።

የጠየቀችው አስመልሷቸው እንደሆነ ነበር። ባለቤታቸው ደም የነካው ፎጣ በፌስታል ይዘው ባይደርሱ ኖሮ፣ ያ መልስ መዝገቡ ላይ እንዳለ ይቀር ነበር። ፎጣው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ ቆማችሁ ትጠይቃላችሁ። እኔ ግን ቃሉን የማውቀው ስለመሰለኝ ጥርጣሬ እንኳ አልገባኝም።

«ብሪንግ» ማምጣት፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ የሁለቱ ድምር ግን ፍቺውን አይሰጥም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ልብ አለ» የሚለውን ማንም በየቃሉ ነጣጥሎ አይረዳውም። የእኛው «አነሳ»ም ዕቃ፣ ወሬ፣ ፎቶግራፍ፣ ማዕድ ያነሳል፤ የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ከተሳቢው ነው። እንግሊዝኛውንም በዚሁ ዓይን እዩት። ልጅ ከሆነ ማሳደግ ነው፤ ጉዳይ ከሆነ ማንሳት፤ ምግብ ወይም ደም ከሆነ ማስመለስ፤ አክታ ከሆነ ስሎ ማውጣት፤ ፋይል ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማሳየት። በነርሷ ጥያቄ እንደታየው ተሳቢው «ኤኒቲንግ» ብቻ ሲሆን ግን ቃሉ አይረዳችሁም። ያን ጊዜ ማን እንደጠየቀ፣ የት እንደጠየቀና ሰውየው ምን እንደታመመ ተመልከቱ። እኔ ሆዳቸውን የያዙበትን እጅ እያየሁ ነበር ያንን የተረጎምኩት።

«እናቴ አሳደገችኝ» ለማለት «ግሩ አፕ» የምትሉም ብዙ ናችሁ። «ግሩ አፕ» አደገ ነው፤ አሳደገ «ብሪንግ አፕ» ነው። ተውላጠ ስም ሲመጣም መካከል ይገባል፤ «ብሪንግ ኢት አፕ» እንጂ «ብሪንግ አፕ ኢት» አይባልም።

ስትጠራጠሩ ነርሷን «ማስመለስ ማለትዎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አትቆጣም። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞር ብላችሁ «አባባ፣ አስመልሶዎታል? ደም ነበረው?» በሏቸው።